የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት የሚበላሸው 9ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ትስማማላችሁ?

መነሻ ጽሑፍ

ጅማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው እየተቃረበ ሲሄድ በማሽኔ ላይ የሚያልፈው ወረቀት በአመዛኙ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይሆናል፤ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች፣ የአስጠኚ ማስታወሻ፣ ከቴሌግራም የተለቃቀመ የጥያቄ ስብስብ። ብዙዎቹ የሚያመጡት ጓደኛቸው ሠርቶ የጨረሰውን ወረቀት ስለሆነ ስሌቱም፣ ስርዙም፣ በቀይ የተሰመረበት ስህተትም አብሮ ይባዛል። የተማርኩት የሒሳብ አያያዝ ነውና ወረቀቱ እስኪወጣ ድረስ ዓይኔ እዚያው ላይ ያርፋል።

ያየሁትን ልናገር። ልጆቹ በካልኩለስ የለውጥን ፍጥነት የሚለካውን የዲሪቬቲቭን ሕግ አሳምረው ይጽፋሉ፤ በሚቀጥለው መስመር ላይ ግን ከቅንፉ ፊት ያለችው የመቀነስ ምልክት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ትነካና ሁለተኛውን ትዘለዋለች። ሊሚት ገብቷቸዋል፤ ክፍልፋዩን ሲያቃልሉ ግን በመደመር የተያያዘውን ቁጥር እንደ ተባዛ ቆጥረው ከላይም ከታችም ይሰርዙታል። ይህ የ12ኛ ክፍል ትምህርት አይደለም። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከዚያም በታች ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። የሒሳብ ውጤቱን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ልጅ የ12ኛውን መጽሐፍ ለጊዜው ዘግቶ የ9ኛውንና የ10ኛውን ይክፈት። ከዚያ አንድ የቀድሞ ፈተና ሰዓት ይዞ ይሥራ፤ ሌላ ከማስባዛቱ በፊትም የሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደሳተው በአንድ መስመር ይጻፍ። አሥር ፈተና አስባዝቶ አንዱንም ያልጨረሰ ልጅ ለእኔ ደህና ደንበኛ ነው፤ ከፈተናው ግን የሚያገኘው ነገር የለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የመጡት መልሶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ረጅም፣ አንዳንዶቹም ስድብ ያለባቸው። ስለዚህ በተራ ቁጥራቸው እየጠራሁ የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በራሴ አባባል አሰፍራለሁ።

መልስ 1 ከሕርማታ ነው። ጸሐፊው በትሕትና አመስግኖኝ፣ ታናሽ እህቱም ማታ ማታ በደብተሯ ላይ የምትበሳጨው በአዲሱ ትምህርት ሳይሆን በክፍልፋይ መሆኑን ነግሮኝ ሄደ።

መልስ 2ን የጻፈው የዘንድሮ ተፈታኝ ነው። እሱም በጨዋነት ነው የተቃወመኝ። ጊዜ የለም ይላል። ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን እንደሚያካትት ያውቃል፤ ግን በቀሩት ወራት አራት መጻሕፍት መልሶ ማንበብ የማይሆን ነገር ነው። እሱና ጓደኞቹ የ12ኛውን ሴኩዌንስና ካልኩለስ አጥብቀው ይዘዋል፤ ምክንያቱም በቅርቡ የተማሩት እሱን ስለሆነ ቶሎ ይመለስላቸዋል። የቀረውን ሰዓት ለቀድሞ ፈተናዎች ሰጥተውታል። ይህን የሚያስበው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ከደንበኞቼ አውቃለሁ።

መልስ 3 የመጣው በጅማ ዙሪያ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ መምህር ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ሁሉ ጋሼ እያሉ ስለጠሯቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ሁለታችንንም በግማሽ ነው የደገፉት። የ9ኛውን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው አሉ። መመለስ ያለበት ሌላው ሁሉ የቆመበት ጥቂት ነገር ነው፤ ርቢና ዳግም ዘር (ፓወርና ስኩዌር ሩት)፣ ክፍልፋይ ማቃለል፣ ፖሊኖሚያልን መበተንና መልሶ ወደ ብዜት ማምጣት፣ አለመተካከልን (ይበልጣል ወይም ያንሳል የሚለውን ጥያቄ) መፍታት፣ ከ10ኛ ክፍል ደግሞ ሎጋሪዝም። አንድ ልጅ እነዚህን በቀን አንድ ሰዓት እየሰጠ ቢሠራቸው በጥቂት ሳምንት ያልቃሉ ባይ ናቸው።

ቀጥለው ያመጡት ምሳሌ ግን ከምክሩ በላይ ጠቅሞኛል። 3፣ 7፣ 11 እያለ በ4 የሚጨምር ሴኩዌንስ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ 20 ቁጥሮች ድምር ስንት ነው? ከ1ኛው ተነሥቶ 20ኛው ላይ ለመድረስ 4 የሚጨመረው 19 ጊዜ ነው፤ ስለዚህ 20ኛው ቁጥር 79 ይሆናል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሲደመሩ 82፣ እንዲህ ያለ ጥንድ 10 አለ፣ መልሱ 820። የተጣደፈ ልጅ ግን 4ን 20 ጊዜ ይጨምርና መጨረሻው ላይ 83 ያገኛል፤ ከ3 ጋር 86፣ በ10 ሲባዛ 860። የጋሼ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ፈተና አውጪው ልጆች የት እንደሚሰናከሉ ስለሚያውቅ 860ን ከምርጫዎቹ መካከል ያስቀምጠዋል። ልጁም ያገኘውን ቁጥር ምርጫው ውስጥ ሲያየው ልቡ ይረጋጋል፣ አጥቁሮት ያልፋል። ቁጥሩ ምርጫ ውስጥ መገኘቱ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ማረጋገጫው በትንሹ መሞከር ነው፤ ወደ 2ኛው ቁጥር ለመድረስ 4 የተጨመረው አንድ ጊዜ ነው፣ ወደ 3ኛው ሁለት ጊዜ፣ ስለዚህ ወደ 20ኛው 19 ጊዜ። ይህን ለማየት ከአሥር ሰከንድ በላይ አይፈጅም። ጋሼ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ነው የዘጉት።

እኔ በበኩሌ ይህን ካነበብኩ በኋላ በመጣልኝ ወረቀት ላይ 19 መሆን በሚገባው ቦታ 20 ተጽፎ አይቻለሁ፤ የልጁ ቀመር ግን እንከን አልነበረውም።

መልስ 4 ከሰርቦ ነው፤ የጻፈችው መምህርት ናት። ጉዳዩ ለምን 9ኛ ክፍል ላይ እንደሚሰነጠቅ እሷ ነች ያስረዳችን። በአካባቢያችን ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብን የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው። በአንድ ክረምት መካከል መጽሐፉም መምህሩም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። የመጀመሪያው መንፈቅ ልጁ ሒሳቡን ሳይሆን ቋንቋውን ሲከታተል ያልቅበታል፤ ስብስብ፣ ርቢ፣ አለመተካከል የሚባሉት ሁሉ የሚያልፉት በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ በ12ኛ ክፍል ወደ ኋላ የተመለሰ ልጅ እየደገመ አይደለም፤ ገና የመጀመሪያ ጊዜው ነው ትላለች። ተማሪዎቿን የምታለማምዳቸው አንድ ነገር አለ። የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ስሌት ከመጀመራቸው በፊት የተሰጠው ምን እንደሆነና የተጠየቀው ምን እንደሆነ በገዛ ቋንቋቸው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይጽፋሉ። ይህን ሳያደርግ ወደ ስሌት የገባ ልጅ ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀውን በትክክል ሠርቶ ይመጣል አለች።

መልስ 5 ሳቅ ነው፤ ብዙ አታስባዙ ባይዋ ፎቶ ኮፒ ቤቷን ልትዘጋ ነው ወይ ይላል። መልስ 6 ግን ሳቅ የለበትም። ወረቀት የሚያባዛ ሰው ወረቀት ያባዛ፣ ሒሳብን ለባለሙያ ይተው፣ የልጆችን ሥራ እያዩ አደባባይ ላይ ማውጣትም ነውር ነው የሚል ነው። የማንንም ልጅ ስም አላወጣሁም፤ ወረቀቱም በመንደሩ ሁሉ የተዳረሰ ነው። ከዚህ ያለፈ መልስ አልሰጠሁትም።

መልስ 7 አስጠኚ ነው፤ ቃሉ ሻካራ ቢሆንም ከሁሉም በላይ ለተማሪ የሚጠቅመው እሱ የጻፈው ይመስለኛል። የቁጣው ዒላማ መልስ 2 ነው። የቀድሞ ፈተና እያላችሁ የምታስባዙት አብዛኛው በአሮጌው ሥርዓተ ትምህርት የወጣ ነው አላቸው። በአሮጌው የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ኮኒክ ሴክሽን፣ የኮምፕሌክስ ቁጥሮችና የሒሳብ አመክንዮ ሰፊ ምዕራፍ ነበራቸው፤ የአዲሱ 11ኛ ክፍል መጽሐፍ ግን በፋንክሽን፣ በራሽናል አገላለጾች፣ በማትሪክስና ዲተርሚናንት፣ በቬክተር፣ በትራንስፎርሜሽን፣ በስታቲስቲክስና በፕሮባቢሊቲ ላይ ነው የተዋቀረው። አዲሱ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ደግሞ አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሴኩዌንስና ሲሪስ፣ የካልኩለስ መግቢያ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ (በተሰጡ ገደቦች ውስጥ ትልቁን ወይም ትንሹን ውጤት መፈለግ) እና ሒሳብ በንግድ። በአሮጌው የ12ኛ መጽሐፍ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የነበረው የሦስት አቅጣጫ ጂኦሜትሪ እዚያ ውስጥ የለም።

ከዚህ የሚከተለውን እሱ በግልጽ አስቀምጦታል። አንድ ልጅ ሦስት ሌሊት በኮኒክ ሴክሽን ላይ ቢያድር መጽሐፉ ውስጥ በሌለ ነገር ላይ ነው ያደረው። በሌላ በኩል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው ሊኒየር ፕሮግራሚንግን በራሱ ዘርፍ የቀድሞ ፈተናዎች ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም፤ በአሮጌው ሥርዓት ያ ትምህርት ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የተተወ ነበርና። ስለዚህ የማኅበራዊ ሳይንስን የቀድሞ ፈተና አንሥቶ እነዚያን ጥያቄዎች ብቻ ለቅሞ ይሥራ። የቀረውን ወረቀት ደግሞ የአዲሶቹን መጻሕፍት ማውጫ ከጎን ዘርግቶ ያጣራው፤ ማውጫው ውስጥ የሌለውን ጥያቄ በእርሳስ ይሰርዘው፣ ከዚያ በኋላ ያስባዛው። ይህን አንድ ምሽት የሚፈጅ ሥራ ማንም አይሠራም፤ ሁሉም መባዛቱን ብቻ ነው የሚፈልገው ብሎ ነው ያበቃው። ስለ ደንበኞቼ የተናገረው ልክ ነው።

መልስ 8፣ መልስ 2ን የጻፈው ልጅ ራሱ ተመልሶ የመጣበት ነው። አልተቆጣም፤ ሊኒየር ፕሮግራሚንግን በክፍል ውስጥ ዓመቱ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ እንዳለፉት ነግሮ፣ የሚያስረዳው ሰው ጠየቀ።

መልስ 9 ኢኮኖሚክስ የምትማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ያስረዳችውም በጅማ ገበያ ነው። አንድ ነጋዴ መጋዘኑ በጠቅላላው ከ10 ኩንታል በላይ አይዝም። ቡናና በቆሎ ይይዛል፤ ቡናው ግን ከ6 ኩንታል ሊበልጥ አይችልም። ከአንድ ኩንታል ቡና 3 ሺህ ብር፣ ከአንድ ኩንታል በቆሎ 2 ሺህ ብር ያተርፋል እንበል። ከፍተኛ ትርፍ የሚያገኘው ስንት ስንት ቢይዝ ነው? ገደቦቹ በሥዕል ላይ ሲሰፍሩ አራት ማዕዘን ያለው ቦታ ይወጣል፤ መፈተሽ የሚያስፈልገው ማዕዘኖቹን ብቻ ነው። ምንም ካልያዘ ትርፉ 0 ነው። 6 ኩንታል ቡና ብቻ ከያዘ 18 ሺህ። 10 ኩንታል በቆሎ ብቻ ከያዘ 20 ሺህ። 6 ቡናና 4 በቆሎ ከያዘ 26 ሺህ፤ መልሱም ይኸው ነው። ልጆች የሚሳሳቱት በቆሎን ከነጭራሹ ረስተው ትርፉ ትልቅ ነው ብለው ቡናው ላይ ሲቆሙ ነው፤ ወይም ደግሞ የሁለቱ መስመሮች መገናኛ የሆነውን አራተኛውን ማዕዘን ሳያሰሉ ሲቀሩ ነው። ከመልስ 4 ጋርም አገናኝታዋለች፤ አይበልጥም የሚለውንና ያላነሰ የሚለውን ያምታታ ልጅ የሚሠራበት ቦታ ከመስመሩ ባሻገር ይሆንበታልና ምንም ያህል በትክክል ቢያሰላ አይድንም።

መልስ 10 ከአጋሮ የጻፈ ቡና ነጋዴ ነው። የሒሳቡ ነገር አላሳሰበውም። በኩንታል 3 ሺህ ብር ትርፍ የሚገኝበትን ገበያ ንገሪኝና ልሂድ አለ። መልስ 11 እና 12 ተከትለውት ስለ ዝናብ፣ ስለ መኪና ኪራይና ስለ ደላላ ማውራት ጀመሩ፤ ውይይቱ ለጊዜው ቡና ተራ ሆነ። አልከለከልኳቸውም።

መልስ 13 ወደ ፈተናው መለሰን። ጸሐፊው ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ እንደሆኑ አስታወሰ። ማለፊያው ግን በየትምህርቱ ሳይሆን በድምሩ ነው፤ ስድስቱ ትምህርቶች ከ600 ይያዛሉ፣ 300 ያመጣ ያልፋል። ስለዚህ ሒሳብን ከ30 ወደ 45 ከፍ ማድረግና እንግሊዝኛን ከ50 ወደ 65 ከፍ ማድረግ በድምሩ ላይ አንድ ናቸው። ልጁ እያንዳንዱ የጥናት ሰዓት የት ቦታ ብዙ ነጥብ እንደሚያመጣለት ይመዝን፤ ሒሳብ ከከበደው አጥብቆ አይያዘው ባይ ነው።

ይህ ምክር መልስ 14ን አቃጠለው። ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ምሕንድስና የሚማር ነው። እንዲህ ያለው ስሌት ነው ትውልዱን ከሒሳብ ያራቀው አለ። ሒሳብን ዘልሎ የገባ ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ለሁሉም የሚሰጠው የሒሳብ ኮርስ ይጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በእንግሊዝኛ ውጤት አይሸፈንም። ፊዚክሱም ያለ ሒሳብ አይሠራም፤ ስለዚህ ከሒሳብ የቀነሰ ሰዓት ከሌላም ይቀንሳል። መልስ 13ን ሒሳብ ፈሪ ብሎም ተሳለቀበት። መልስ 15 ላይ ቁጥር ወዳዱ ተመልሶ፣ እኔ ፈተናውን ስለማለፍ ተጠየቅሁ እንጂ መሐንዲስ ስለመሆን አይደለም አለ።

እኔ እዚህ ላይ ከመልስ 14 ጋር ነኝ፤ ግን በሌላ ምክንያት። ከ30 በታች የሚያመጣ ልጅ ያጣቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ጋሼ የዘረዘሯቸው ቀላል ቦታዎች ላይ የተቀመጡ ናቸው። በርካሽ የሚገኘው ነጥብ እዚያ ነው።

መልስ 16 መልካም ሐሳብ ይዞ ተነሥቶ እግሩ ተደናቀፈ። አለመተካከልን ላስረዳ ብሎ፣ አንድ ያልታወቀ ቁጥር በአሉታዊ 2 ተባዝቶ ከ6 ያነሰ ከሆነ ቁጥሩ ከአሉታዊ 3 ያነሰ ነው ሲል ጻፈ። መልስ 17 ወዲያው ደረሰበት። በአሉታዊ ቁጥር ሲካፈል ምልክቱ ይገለበጣል፤ መልሱ ከአሉታዊ 3 የሚበልጥ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ 0ን ተካበት፤ 0 በአሉታዊ 2 ሲባዛ 0 ነው፣ ከ6 ያንሳል፣ ስለዚህ 0 መልሱ ውስጥ መኖር አለበት፤ በአንተ መልስ ግን የለም። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ግን ሳያውቁ ለማስተማር የሚነሡ ሰዎች የሚል ረጅም ንዴት ጨመረበት። መልስ 18 የመልስ 16 ጸሐፊ ምላሽ ነው፤ ስለ ሒሳብ ምንም የለውም፤ ሁሉም ስለ ሰው አስተዳደግ ነው።

በመልስ 19 ጋሼ ገቡ። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ጠሯቸው። 0ን የመተካቱን ዘዴ አመስግነው፣ ይህች አንዲት ዘዴ ብቻ በፈተና ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ እንዳዳነች መሰከሩ፤ ከምርጫዎቹ መካከል 0ን የያዙትንና ያልያዙትን ለይቶ ግማሹን በአንድ እይታ መጣል ይቻላልና። ስህተቱንም አልሸፈኑትም። በሎጋሪዝምም ተመሳሳይ ወጥመድ እንዳለ አሳዩ። የአንድ ቁጥር ሎጋሪዝምና ከእሱ በ2 ያነሰው ቁጥር ሎጋሪዝም፣ ሁለቱም በመሠረት 2፣ ተደምረው 3 ከሆኑ፣ ስሌቱ 4ን እና አሉታዊ 2ን ይሰጣል። አሉታዊ ቁጥር ግን ሎጋሪዝም የለውም፤ ስለዚህ መልሱ 4 ብቻ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘው ምርጫ እዚያ የተቀመጠው መልሱን ወደ ጥያቄው መልሶ ላልተካ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ 16ም 17ም ዝም አሉ።

መልስ 20 ስለ ሌሊት ጥናት ነው፤ ጅማ ስለሆንን ሊቀር የማይችል ርዕስ። ጸሐፊው ጫት ሳይዝ ሒሳብ እንደማይገባው፣ እንዲያውም ምርቃናው ሲመጣ ጥያቄው ራሱ እንደሚፈታለት ጻፈ። መልስ 21 በጤና ሙያ ላይ ያለች ናት፤ በለዘበ ቃል ነው የመለሰችለት። ጫት እንቅልፍን ይነሣል፣ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ ቀን ያጠናውን አጥርቶ አይዝም። ፈተናው የሚሰጠውም በቀን እንጂ በሌሊት አይደለም። ቡናውንም ከማታ አሳንሱ አለች። ከአጋሮ የመጣው ነጋዴ ይህንን አልወደደውም።

መልስ 22 መላ አቀረበ፤ ያልታወቀውን ሁሉ ሲ (C) የሚለው ምርጫ ላይ ማጥቆር። ታላቅ ወንድሙ በዚህ እንዳለፈ ምሎ ተናገረ። መልስ 23 ላይ ያ አስጠኚ (መልስ 7) ተመለሰ፤ ረጋ ብሏል። በፈተናው የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ ምንም ጥያቄ ባዶ መተው የለበትም፤ በዚህ ይስማማል። ግን ሲ ምንም ምሥጢር የለውም። አራት ምርጫ ባለው ፈተና 12 ጥያቄ በጭፍን ብትሞላ በአማካይ 3 ታገኛለህ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ምርጫ መጣል ከቻልክ ደግሞ 6። ልዩነቱን የሚፈጥረው ፊደሉ ሳይሆን 0ን መተካት፣ የመልሱን ምልክት ማየት፣ ቁጥሩ ሊሆን የሚችልበትን መጠን መገመት ነው። ጊዜን በተመለከተም ጨመረ። የሒሳቡ ፈተና ለብዙ ዓመታት 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ሆኖ ነው የኖረው፤ ይህ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር የሚያውቁትን ብቻ ሠርቶ ማለፊያ ነው፤ አንድ ጥያቄ ላይ ተጣብቆ አሥር ደቂቃ የጨረሰ ልጅ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሦስት ቀላል ጥያቄዎች ሳያያቸው ይወጣል። ለልምምድም የግድግዳ ወይም የጠረጴዛ ሰዓት ተጠቀሙ፣ ስልክ ወደ ፈተናው አይገባምና። ካልኩሌተርም እንደዚሁ፤ ስለዚህ ማባዛትና ማካፈልን በእጅ ልመዱ።

መልስ 24 የጻፈችው ልጅ ከዴዶ መጥታ ዘመዶቿ ጋር ተቀምጣ የምትማር ናት። አስጠኚ የመክፈል አቅም የላትም፤ ስልኳም ብዙ ነገር አያወርድም። የቀሯት ሳምንታት ጥቂት ናቸው፤ ከየት ልጀምር ብላ ነው የጠየቀችው። እስካሁን ሲጨቃጨቁ የነበሩት ሁሉ ለእሷ ሲሆን ተስማሙ። ጋሼ (መልስ 25) ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳትነሺ አንድ የተጣራ ፈተና ሥሪ አሏት። እሑድ የሳትሻቸውን ሦስት ቦታ ክፈዪ፤ ፈጽሞ ያልተማርሽው፣ አውቀሽው የተሳሳትሽው፣ ጊዜ ያጠረሽ። ከሰኞ ጀምሮ መሥራት ያለብሽ መካከለኛውን ክምር ነው፤ እሱ ካላለቀ አዲስ ምዕራፍ አትክፈቺ። መልስ 26 የሰርቦዋ መምህርት ናት፤ ትርፍ የ9ኛና የ10ኛ መጽሐፍ እንዳላትና ልትልክላት እንደምትችል ጻፈች። አስጠኚው ያጣራቸውን ሁለት ፈተናዎች ለእኔ አድርሶኛል፤ የተሰረዙት ጥያቄዎች ወጥተው ወረቀቱ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ልጅቷ መጥታ ትውሰድ፣ ሒሳብ አልጠይቃትም።

መልስ 27 ገና ምላሽ አላገኘም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ጠያቂው ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል። የዘለሉትን ጥያቄ ምልክት አድርጎ ኋላ መመለስ ይቻላል ወይ? ሥዕል ያለበትን ጥያቄስ እንደ ወረቀቱ ላዩ ላይ መሥመር ማስመር ስለማይቻል፣ ገልብጦ ለመሣል ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? የአስጠኚው የሁለት ዙር ዘዴ የሚሠራውም የማይሠራውም በዚህ መልስ ላይ ስለሆነ፣ በኮምፒውተር የተፈተናችሁ ልጆች ካላችሁ ከመልስ 28 ጀምሮ ጻፉልን። የቡና ዋጋ የምትጽፉ ለዚያ ሌላ ውይይት ክፈቱ።